ጭስ፣ ከሰልና ቆዳችን፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ የቆዳ ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ፣ የቤት ውስጥ ጭስ ቆዳን ምን ያደርጋል ብላችሁ ስለጠየቃችሁኝ ያቅሜን ልመልስ።

ጥያቄ፦ እንጀራ ጋግሬ በመሸጥ ነው ምተዳደረው፣ ጉንጬ ላይ ማዲያት ወጣብኝ፣ ጭሱ ነው ይሉኛል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ እታለም፣ ጭሱ ብቻ አደለም። የማዲያት ዋናው ጣጣ ፀሐይና ሆርሞን ነው፣ እርግዝናም የወሊድ መከላከያም ያመጣዋል፣ ግን ምጣድ ፊት ስትውይ ሚገርፍሽ ወላፈንም ያባብሰዋል። ጭሱ ደሞ ሌላ ነው፣ ውስጡ ያለው ብናኝ ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ስለሆነ ቆዳውን ያስቆጣዋል፣ ቶሎም ያስረጀዋል፤ ቻይና ውስጥ በተጠና ጥናት በእንጨትና በከሰል ሚያበስሉ ሴቶች የፊታቸው ሽብሽብ ጠለቅ ብሎ ነው የተገኘው። ስለዚህ ለክሬም ብር ከማውጣትሽ በፊት ማድቤቱ ጭስ መውጫ ይኑረው፣ እርጥብ ባህር ዛፍ አታንድጂ፣ ከቻልሽ ማገዶ ቆጣቢውን ምርጥ ምድጃ አስገቢ።

ጥያቄ፦ እናቴ ሮብ ገበያ ነው ምትኖር፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ ከሰል ታቅፋ ነው ምትውለው። ቅልጥሟ ላይ መረብ ሚመስል ቡናማ መስመር ወጣ፣ ምች ነው አሏት።

መልስ፦ ምች አደለም ወንድሜ፣ እሳቱ ራሱ ነው። የማያቃጥል ግን ለሳምንትና ለወር ሚደጋገም ሙቀት፣ ከ43 እስከ 47 ዲግሪ የሚሆን፣ መጀመሪያ ቀላ ያለ መረብ ያወጣል፣ ሲቆይ ይጠቁራል። እኛ ጋ የመጡ አንዲት እናት ግራ እግራቸው ላይ ብቻ ነበር፣ ስንጠይቃቸው ለካ ምድጃውን ሁሌ በግራ በኩል ነው ሚያስቀምጡት። ከእሳቱ ራቅ ካሉ አዲሱ በወራት ይለቃል፣ የቆየው ግን ላይለቅ ይችላል፤ እላዩ ላይ ማይድን ቁስል ወይ እብጠት ካየህ ሳትውል ሳታድር ሀኪም ይያት። ደሞ በር ዘግታ ከሰል ይዛ እንዳትተኛ፣ የከሰል አየር ሽታ የለውም፣ ቆዳ ሳይሆን ነፍስ ነው ሚወስደው።

ጥያቄ፦ የ2 ዓመት ልጄ ችፌ አለበት፣ በጋ ላይ ለምን ይብስበታል?

መልስ፦ አየሩ ስለሚደርቅ ነው፣ ቆዳው ውሃ ያጣል። ለብ ባለ ውሃ እጠቢውና ገላው ሳይደርቅ ቫዝሊን ቀቢው። ጭስ ካለበት ክፍል ይውጣ፣ ፍሊት ስትነፊም እሱ ውጭ ይሁን። ሚለብሰው ባና ከሆነ ከስር አንሶላ አድርጊ፣ ሱፍ ያሳክካል። ጎረቤት ቤታሜታዞን ሚባለውን ቅባት ቢሰጥሽ ግን ያለ ሀኪም ፊቱ ላይ እንዳታደርጊ፣ ቆዳ ያሳሳል።

ጥያቄ፦ ክረምት ግድግዳችን ሻግቶ ነበር፣ ቋቁቻዬ ከሱ ነው?

መልስ፦ አደለም፣ የቋቁቻ ፈንገስ የራሳችን ቆዳ ላይ ሚኖር ነው፣ ላብና ሙቀት ሲያገኝ ይበዛል። ሻጋታው ለችፌና ለአስም ግን ጥሩ ስላልሆነ ጠርገህ አድርቀው።

ጥያቄ፦ እና እጣንም እንተው?

መልስ፦ ቡና ያለ እጣን እንዴት ይሆናል፣ እኔም አልተውኩም 😅 መስኮት ከፍቼ ትንሽ ነው ማጨሰው፣ ችፌ ያለበት ልጅ ካለ ግን ከሱ ራቅ አርጉት።