ተራራውን ተዉትና ምድጃውን ሣሉ

ልጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ?

እኔ ጡረታ የወጣሁ የአፈር ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ እየዞሩ ጉድጓድ ማስቆፈርና የአፈር ቀለም ማየት ነበር። ዛሬ የምታዩትን ነገር በደብተር እየሣላችሁ አስቀምጡ ልላችሁ ነው። እኔ ግን ሠዓሊ አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «እኔ እኮ መሣል አልችልም» እንዳትሉኝ ነው። እኔም አልችልም። የምሥላቸው በጎች እስከ ዛሬ ድንጋይ ነው የሚመስሉት።

ነገሩ የጀመረው በሥራ ምክንያት ነው። መስክ ላይ «ጥቁር ቡናማ» ብዬ እጽፋለሁ። ቢሮ ስገባ የትኛው ጥቁር ቡናማ እንደነበር ይጠፋኛል። አንድ ቀን የልጆች የውሃ ቀለም ገዛሁና ከጽሑፉ ጎን ቀባሁት። በሌላ ቀን ማሳውን ጨመርኩ። ከዚያ ጎጆዋን። እንዲህ እንዲህ እያለ 14 ደብተር ሞላ።

ፎቶ ለምን አናነሣም ትሉ ይሆናል። አንሡ፣ ማን ከለከላችሁ! ግን ፎቶ ስታነሡ ጠቅ አድርጋችሁ ታልፋላችሁ። ስትሥሉ አንዲት ጀበና ላይ ሃያ ደቂቃ ታፈጣላችሁ። አንገቷ ወዴት እንደዘመመ፣ ጥላሸቱ የት ላይ እንደጠቆረ ታያላችሁ። ያኔ ነው ነገሩ አእምሮ ውስጥ የሚቀመጠው። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሰዎች ከጻፉት ቃል ይልቅ በሥዕል ያስቀመጡትን አብልጠው አስታውሰዋል። የሥዕሉ ማማር አለማማርም ብዙ ለውጥ አላመጣም። ለእኔ ዓይነቱ ደስ የሚል ወሬ ነው።

አሁን ወደሚቆጨኝ ነገር ልግባ።

14ቱን ደብተር ብትገልጡ ተራራ ነው። የጣርማበር ገደል በጉም፣ የጓሳ ጭላዳዎች፣ ወፍ ዋሻ ጫካ። የእናቴ ቤት ግን አንድ ገጽ ብቻ ነው ያለው። እሱም ከውጭ። መንዝ ውስጥ ያደግኩበት የድንጋይ ቤት ነው፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር። ውስጡን አልሣልኩትም። ምን ይሣላል ብዬ? ምድጃ፣ መደብ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወንፊት። ሁልጊዜ ያለ ነገር ነዋ። እናቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ፣ ውስጡም ተቀየረ። ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ ጉልቻዎቹን ላስቀምጣቸው እሞክራለሁ። ሦስተኛው የት ጋ እንደነበር አይመጣልኝም።

በ1841 እ.ኤ.አ. በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ የእንግሊዝ መልእክተኞች ወደ ሸዋ መጥተው ነበር። ቤርናትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሯቸው ነበር፤ አንኮበርንና አካባቢውን ሥሎ ሄደ። ዛሬ አንኮበር ኮረብታው ላይ ስትወጡ ከድሮው ቤተ መንግሥት የምታገኙት ፍርስራሽ ነው። ለንጉሥ ግቢ ሠዓሊ ከባሕር ማዶ ይመጣለታል። የእናታችሁን ጓዳ ግን ከእናንተ ሌላ ማን ይሥለዋል?

ዕቃው ብዙ አያስቸግርም። ሦስት ቀለም በቂ ነው፦ ሰማያዊ፣ ቢጫና ቀላ ያለ ቡናማ። ቡናማውን እኔ በተለይ እወደዋለሁ፣ አፈር ስለሆነ። ብረት ያለበት ቢጫ አፈር ሲጠበስ ይቀላል። የእኛ የደጋ ገበሬዎች ለገብስ አፈር ሲያጋዩ የሚቀላው በዚሁ ምክንያት ነው። ሰማያዊና ቡናማ ስትቀላቅሉ ደግሞ ያ የክረምት ሰማይ ግራጫ ይወጣችኋል። ወረቀት ላይ ግን አትሰስቱ። የትምህርት ቤት ደብተር ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚባለውን ወፍራሙን ፈልጉ።

ነጭ ቀለም አትግዙ። ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። ነጠላ ስትሥሉ ነጠላውን አትነኩትም፣ ዙሪያውን ነው የምትቀቡት። ይህን ለመልመድ እኔ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ደብረ ብርሃን በኅዳር ጠዋት ደጅ ተቀምጣችሁ ለመሣል ከሞከራችሁ ውርጩ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ ያጋግረዋል። አንዴ እንዲህ ሆኖብኝ ገጹ ሁሉ የበረዶ አበባ አወጣ። ከእኔ ሥዕል ይሻል ነበር። መፍትሔው ውሃው ላይ ትንሽ አረቄ ጠብ ማድረግ ነው፣ ቶሎ አይረጋም። አገሩ ደግሞ አረቄ አያጣም። ለብሩሹ ነው ያልኩት!

ከሥዕሉ ጎን ጻፉ። ቀኑን፣ ማን እንደነበር፣ ምን እንደተባለ። በእርሳስ ጻፉት። እኔ አንድ የሰንበቴ ቀን ስድስት ሰው ሥዬ ስማቸውን በቀለም እስክሪብቶ ጻፍኩ። ቤት ያፈስ ነበርና ውሃ ገብቶ ስሙ ሁሉ ታጠበ። አራቱን በአቀማመጣቸው ለየኋቸው። ሁለቱ እስከ ዛሬ እንግዳ ናቸው። ደብተሩንም ዘግታችሁ አስቀምጡ። ገጹን ገንጥላችሁ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ ከሰቀላችሁት አንዳንዱ ቀይና ሮዝ ቶሎ ይገረጣል።

ባለፈው ፋሲካ የእህቴ ልጅ ደብተሮቹን ስታገላብጥ ነበር። ተራሮቹን ዝም ብላ አለፈቻቸው። ያቺ የእናቴ ቤት ገጽ ላይ ስትደርስ ቆመች። በሩ ሥር፣ ድንጋዩ ላይ፣ ጣት የማታህል ነገር አለች። መቼ እንደሣልኳት አላስታውስም።

«ይሄ የእማማ እንዝርት አይደል?» አለችኝ። «ግራጫው ምንድን ነው?»

መነጽሬን አድርጌ አየሁት። የበግ ሱፍ ነው። ለአባቴ ባና ስትፈትል ነበር።