ወር ጠብቆ የሚመለስ የፊንጢጣ ሕመም

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 33 ነው፤ የአንድ ልጅ እናት ነኝ። ላለፉት አራት ዓመታት ለሰው ለመናገር የማፍርበት ሕመም አለብኝ። ፊንጢጣዬ አካባቢ በየወሩ አምስት ወይም ስድስት ቀን ያህል ያመኛል፤ ከዚያ ምንም እንዳልነበረ ይተወኛል። በሚያመኝ ቀናት መጸዳዳት ያስፈራኛል፤ ወንበር ላይ በአንድ ጎኔ አጋድዬ እቀመጣለሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼ ሲጠይቁኝ ወገቤን አመመኝ እላቸዋለሁ። አንዳንዴም ከእንቅልፌ የሚቀሰቅስ ድንገተኛ ውጋት መጥቶ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይጠፋል። ሦስት ሐኪሞች አይተውኛል። የመጀመሪያው ኪንታሮት ነው ብለው ቅባት ሰጡኝ፤ ሁለተኛው መሰንጠቅ ነው አሉኝ፤ ሦስተኛው በመሣሪያ ከመረመሩኝ በኋላ «ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ይሆናል» ብለው ሸኙኝ። ቅባቱን ስጠቀም ይሻለኛል፤ ያሻለኝ ግን ቅባቱ ይሁን ወይም ቀኑ ሲደርስ ራሱ ትቶኝ ይሁን መለየት አልቻልኩም። በቅርቡ እንዳስተዋልኩት ሕመሙ የሚጀምረው ወር አበባዬ ሊመጣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ልጄን ስወልድ ተቀድጄ ተሰፍቼ ነበር፤ በጠባሳው ላይ አልፎ አልፎ ትንሽ ጠጠር ያለ ነገር በእጄ ይዳሰሰኛል። ጡት ሳጠባ፣ ወር አበባዬ ሳይመለስ በቆየበት ጊዜ፣ አንድም ቀን አላመመኝም። ለመሆኑ ሆርሞን ከፊንጢጣ ጋር ይገናኛል? ወይስ እኔ ነኝ የማገናኘው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሆርሞን ከፊንጢጣ ሕመም ጋር ይገናኛል፤ እርስዎም ያለ ምክንያት አላገናኙትም። ደብዳቤዎን ሳነብ የቆጨኝ ለምርመራው ቁልፍ የሆኑት ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ሕመሙ ወር አበባን ቀድሞ መምጣቱ፣ ጡት ሲያጠቡ አለመኖሩና በስፌቱ ጠባሳ ላይ የሚዳሰሰው ጠጣር ነገር፣ መጨረሻ ላይ እንደ ተጨማሪ ወሬ መጠቀሳቸው ነው። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። የፊንጢጣ ሕመም ይዞ ለመጣ ሰው «የመጨረሻው ወር አበባሽ መቼ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ጥቂት ነው፤ የማህፀን ሐኪምም ስለ ሰገራ እምብዛም አይጠይቅም። ሕመሙ በሁለት የሕክምና ዘርፎች ድንበር ላይ ስለሚውል ማንም የእኔ ነው ሳይለው ዓመታት ያልፋሉ።

እኔም ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። አንዲት ታካሚ በተመሳሳይ ቅሬታ ሦስት ጊዜ መጥታ፣ ሦስቱንም ጊዜ መርምሬ ምንም ስላጣሁ ቅባት አዝዤ ሸኝቻታለሁ። በአራተኛው ከቦርሳዋ አንዲት የኪስ ካላንደር አወጣችልኝ፤ ያመማት ቀን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል፣ ወር አበባዋ የጀመረበት ቀን ደግሞ ከሥሩ ተሰምሮበታል። ስምንት ወር ገልጬ ስመለከት ቀያዮቹ ክቦች በየገጹ ከመስመሩ ጥቂት ቀን ቀድመው ተደርድረዋል። ወደ እኔ የመጣችባቸው ሦስቱም ቀናት ክብ የሌላቸው ነበሩ። ባላመማት ቀን እየመረመርኩ «ምንም የለም» ስላት እንደኖርኩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እርስዎንም ያዩዎት ሦስተኛው ሐኪም በየትኛው ሳምንት እንደመረመሩዎት ቢያስታውሱ መልካም ነው፤ ሕመሙ በሌለበት ሳምንት የተገኘ ንጹሕ ውጤት ሕመሙን ሐሰት አያደርገውም።

የፊንጢጣ ቦይ ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የላይኛው ክፍል እንደ አንጀት ሁሉ መቆረጥን አያውቅም፤ የታችኛው ክፍል ግን ቆዳ ነው፣ እንደ ጣት ጫፍ ሁሉ በስሜት ነርቭ የተሞላ ነው። ስለዚህ በታችኛው ክፍል ላይ ፀጉር የምታክል ቁስል ሰውን ከመቀመጫ ታስነሳለች፤ ከላይ ያለ የውስጥ ኪንታሮት ግን ብዙውን ጊዜ ሳያም ይደማል። በፊንጢጣ አካባቢ የሚሰማ ሕመም ሁሉ ኪንታሮት ተብሎ መጠራቱ ብዙ ሰው ያሳሳተ ልማድ ነው፤ ኪንታሮት በብርቱ የሚያመው በዋናነት ደም ሲረጋበት ወይም ወጥቶ ሲታነቅ ነው፣ ያ ደግሞ በየወሩ በቀጠሮ አይመላለስም።

ሆርሞኑ የሚገባበት በር ከአንድ በላይ ነው። ዕንቁላል ከወጣ በኋላ የሚጨምረው ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያል፤ በብዙ ሴቶች ላይ ሰገራ የሚደርቀው በዚህ ሰሞን ነው። ወር አበባ ሲቃረብ ፕሮጄስትሮን ይወርድና ማህፀን ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ይህም ማህፀንን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያለውን አንጀትም ያኮማትራል፣ ሰገራም ይቀጥናል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ፊንጢጣ መጀመሪያ በደረቅ ሰገራ ይለጠጣል፣ ቀጥሎ በተደጋጋሚ ቀጭን ሰገራ ይቆጣል። ሊድን ጥቂት የቀረው ስንጥቅ በየወሩ እንደገና የሚከፈተው በዚህ መንገድ ነው። የስንጥቅ ምልክቱ ሲጸዳዱ እንደ ስለት የሚቆርጥ፣ ከዚያም ለደቂቃዎች ወይም ለሰዓታት የሚያቃጥል ሕመም፣ በወረቀት ላይ ደግሞ ጥቂት ደማቅ ደም ነው። መዝጊያው ጡንቻ በሕመሙ ሲኮማተር ወደ ቁስሉ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፤ ደም ያጣ ቁስል ቶሎ አይድንም፣ ያልዳነ ቁስል ደግሞ ጡንቻውን ያኮማትረዋል።

ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎት ውጋት ሌላ ስም ሊኖረው ይችላል። ፕሮክታልጂያ ፉጋክስ የሚባለው የጡንቻ መኮማተር ድንገት ይመጣል፣ ከ30 ደቂቃ ሳያልፍ ይጠፋል፣ በመካከሉ ምንም ሕመም አይኖርም፤ በወር አበባቸው አካባቢ ይብስብናል የሚሉ ሴቶች አሉ። አስፈሪ ቢሆንም ጉዳት የሚያደርስ አይደለም። ሆኖም ይህ ስም የሚሰጠው ሌላው ሁሉ ተፈትሾ ከቀረ በኋላ ነው፣ በእርስዎ ዘንድ ደግሞ ገና ያልተፈተሸ ነገር አለ።

እርሱም ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው። የማህፀንን ውስጠኛ ግድግዳ የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ሲበቅል፣ በየወሩ ለሆርሞን ምላሽ ይሰጣል፤ ያብጣል፣ ይደማል፣ የሚወጣበት መንገድ ስለሌለው ግን አካባቢውን ያቆጣዋል። በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ ኢንዶሜትሪዮሲስ እንዳለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በዳሌ ውስጥ ነው፤ በማህፀንና በትልቁ አንጀት መጨረሻ መካከል ሲቀመጥ በወር አበባ ሰሞን መጸዳዳትን ያሳምማል። አልፎ አልፎ ግን በወሊድ ጊዜ በተቀደደ ወይም ሐኪም በቆረጠው ቦታ ጠባሳ ላይ፣ ከፊንጢጣው ጎን፣ ይበቅላል። በዚህ ቦታ መከሰቱ ብርቅ ነው፤ ብርቅ በመሆኑም መግል የቋጠረ እብጠት፣ ፊስቱላ (ከፊንጢጣ ውስጥ ወደ ውጭ ቆዳ የሚከፈት ቀዳዳ) ወይም ኪንታሮት ተብሎ ይታለፋል። ጡት በሚያጠቡበት ጊዜ ዕንቁላል ባለመውጣቱ ይህን ሕብረ ሕዋስ የሚያነሣሣው ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ዝቅ ብሎ ይቆያል፤ ሕመሙ በዚያን ጊዜ አለመኖሩና በጠባሳው ላይ ያለው ጠጣር ነገር አንድ ላይ ሲታዩ እኔን ወደዚህ ያመዝኑኛል። በደብዳቤ ግን በሽታ አይለይም፤ ይህን ግምት እንደ ውጤት እንዳይወስዱት እለምንዎታለሁ።

በብብት፣ በብሽሽትና በፊንጢጣ አካባቢ እየተመላለሰ የሚፈርጥ እብጠት ያላቸው አንባቢዎች ደግሞ ሃይድራዴናይቲስ ሱፑራቲቫ የሚባለውን የቆዳ ሕመም ለሐኪማቸው ያንሱ፤ እርሱም በብዙ ሴቶች ላይ ወር አበባ ሊመጣ ሲል ይቀሰቀሳል። እርስዎ የገለጹት ግን ይህን አይመስልም።

አሁን የሚያደርጉትን ልንገርዎት። ለሚቀጥሉት ሁለት ወይም ሦስት ወራት በየቀኑ አንድ መስመር ይጻፉ፦ ሕመሙ ከ10 ስንት እንደሆነ፣ ሰገራው ደረቅ ወይም ቀጭን መሆኑን፣ ደም መታየቱን፣ ጠባሳው ማበጡን፣ የወር አበባዎን ቀን። ቀጠሮ ሲይዙ «በሚያመኝ ቀን መታየት እፈልጋለሁ» ይበሉና ምክንያቱን ይንገሩ፤ ካልተቻለም ጠጠሩ ባበጠበት ቀን በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይያዙ። ብዙ ሴቶች ይህን ማድረግ ያሳፍራቸዋል፤ ለሐኪሙ ግን ከብዙ ቃል ይልቅ የሚረዳው ያ ፎቶ ነው። ለማህፀን ሐኪሙም ለፊንጢጣ ቀዶ ሐኪሙም ተመሳሳይ ማስታወሻ ያሳዩ፤ አንዱ ለሌላው ይነግረዋል ብለው አይጠብቁ።

ከምርመራዎቹ ውስጥ የሚጠቅሙት ጠባሳውን በጥንቃቄ በእጅ መዳሰስ፣ በብልት ወይም በፊንጢጣ በኩል የሚደረግ አልትራሳውንድና የዳሌ ኤምአርአይ ናቸው። ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም በፊንጢጣ በኩል ካሜራ አስገብቶ መመልከት፣ የሚያየው የአንጀትን ውስጠኛ ገጽ ብቻ ስለሆነ፣ ከግድግዳው ውጭ ያለ ኢንዶሜትሪዮሲስን ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። የሆርሞን መጠን የደም ምርመራ ግን ለዚህ ጉዳይ እምብዛም አይረዳም፤ በእነዚህ ሕመሞች ሆርሞኑ አብዛኛውን ጊዜ ልኩ ላይ ነው፣ ችግሩ ሕብረ ሕዋሱ ለልኩ ሆርሞን የሚሰጠው ምላሽ ነው። «ሆርሞንሽ ተዛብቷል» ተብለው መድኃኒት ቢታዘዝልዎ የተዛባው ምን እንደሆነ ይጠይቁ።

ሕክምናው እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ስንጥቅ ከሆነ ወር አበባዎ ከመምጣቱ 10 ቀን ያህል አስቀድመው ሰገራን የሚያለሰልስ መድኃኒት ይጀምሩ፤ አሰር ያለው ምግብና ውሃ ያብዙ፤ ከተጸዳዱ በኋላ ለብ ባለ ውሃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይዘፍዘፉ። ሐኪሙ መዝጊያ ጡንቻውን የሚያላላ የዲልቲያዜም ወይም የግሊሴሪል ትራይናይትሬት ቅባት ሊያዝልዎ ይችላል፤ ሁለተኛው ራስ ምታት ያመጣል። ቅባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳይቋረጥ ይቀባል፤ ሕመሙ ሲተውዎት ማቆም ነው ሕመሙን በየወሩ የሚመልሰው። በጠባሳው ላይ ኢንዶሜትሪዮሲስ ከተገኘ ደግሞ ዋናው መፍትሔ ዙሪያውን ጨምሮ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው፤ ወደ መዝጊያ ጡንቻው ከተጠጋ ጡንቻውን ማትረፍ የሚችል ልምድ ያለው ሐኪም ያስፈልጋል። እንደ ዲዬኖጀስት ያሉ የፕሮጄስትሮን ዓይነት መድኃኒቶች ወይም ያለማቋረጥ የሚወሰድ የወሊድ መከላከያ ሕመሙን ሊያስታግሱ ይችላሉ፤ ልጅ ለመውለድ ካሰቡ ግን ይህን አስቀድመው ይናገሩ። ለጊዜው ማስታገሻ ኢቡፕሮፌን ፕሮስታግላንዲንን ስለሚቀንስ ይረዳል፤ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ላለባቸው፣ ለነፍሰ ጡሮችም አይሆንም። ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ ሆድ ስለሚያደርቅ ይራቁት።

የሚጠቀሙበት የኪንታሮት ቅባት ስቴሮይድ (ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት) ካለበት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከአንድ ሳምንት በላይ አይቀቡ፤ ቆዳውን እያሳሳ ሌላ ሕመም ይጨምራል። ከሰገራ ጋር የተቀላቀለ ደም፣ ትኩሳት፣ የሰውነት ክብደት መቀነስ፣ ወር አበባን ሳይጠብቅ እያደገ የሚሄድ እብጠት ካዩ ማስታወሻውን ይተዉትና ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ስለ ጭንቀቱ አንድ ነገር ልበል። አራት ዓመት ያለ ስም የታመመ ሰው ይጨነቃል፤ ጭንቀትም ጡንቻን ያኮማትራል፣ ሕመምንም ያብሳል። ነገር ግን ጭንቀት ወር አበባ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው እየጀመረ ወር አበባው ሲያልቅ የሚቆም ከሆነ፣ ከጭንቀቱ በስተኋላ ያለውን መፈለግ የሐኪሙ ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ 57 ዓመቴ ነው፤ ካረጥኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ፊንጢጣዬና ብልቴ አካባቢ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ አለኝ፤ ቆዳው ነጣ ብሎ እንደ ወረቀት ሳስቷል፣ ሳከው ይሰነጠቃል። የፈንገስ ቅባት ደጋግሜ ቀባሁ፣ የትል መድኃኒትም ወሰድኩ፣ አልተወኝም።

መልስ፦ እናቴ፣ የገለጹት ላይከን ስክሌሮሰስ የሚባለውን የቆዳ ሕመም በጣም ይመስላል። ከማረጥ በኋላ የሚበዛ ነው፤ ነጣ ያለው ቆዳ ብልትንና ፊንጢጣን ከብቦ የ8 ቁጥርን ቅርጽ ሊይዝ ይችላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከንጽሕና ጉድለትም አይመጣም፣ ስለዚህ በሳሙና አብዝተው መታጠቡን ዛሬውኑ ያቁሙ፣ ሳሙና ያብሰዋል። የኤስትሮጅን ቅባት ለብልት ድርቀት ይረዳ ይሆናል እንጂ ይህን ሕመም አያክምም፤ ሕክምናው ክሎቤታሶል የሚባል ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ነው። ከላይ ለጠያቂያችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከአንድ ሳምንት በላይ አይቀቡ ያልኩት ዓይነት ስቴሮይድ እዚህ ላይ መድኃኒት ነው፤ ልዩነቱ በሽታው መጀመሪያ መለየቱና መጠኑ በሐኪም መወሰኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ ይቀባል፣ ከዚያ ቀኑ እየተራራቀ ይሄዳል። የቆዳ ወይም የማህፀን ሐኪም ይዩዎትና ከተጠራጠሩ ጥቂት ቆዳ ወስደው ያስመርምሩ፤ ሕመሙ ካልታከመ በጥቂት ሴቶች ላይ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ስለሚችል፣ ማሳከኩ ከተወዎትም በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ይታዩ። እስከ ቀጠሮዎ ድረስ የማይድን ቁስል ወይም የሚወፍር ቆዳ ካዩ ቀጠሮው እንዲቀርብልዎ ይጠይቁ።