ተራ አሮጌ የወርቅ ሳንቲሞችና ከወርቃቸው በላይ የሚከፈልባቸው ዋጋ፦ ጥያቄና መልስ

የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ተራ» የምለው በብዛት ታትመው ዛሬም ያለ ችግር የሚገኙትን ነው፤ የእንግሊዝ ሶቨሪን፣ የፈረንሳይና የስዊዘርላንድ 20 ፍራንክ፣ የአሜሪካ 20 ዶላርና የመሳሰሉትን።

ጥያቄ፦ ሻጭ «ዋጋው ከወርቁ ብዙም አይርቅም» ሲለኝ እውነቱን እንዴት ላረጋግጥ?

መልስ፦ ራስዎ ያስሉት። መነሻው የሳንቲሙ ጠቅላላ ክብደት ሳይሆን በውስጡ ያለው ንጹሕ ወርቅ ነው። ሶቨሪን 7.988 ግራም ይመዝናል፤ 22 ካራት በመሆኑ ግን ንጹሕ ወርቁ 7.322 ግራም ነው። 20 ፍራንክ 6.45 ግራም ሲመዝን ከ1,000 እጅ 900 እጁ ወርቅ ስለሆነ 5.81 ግራም ንጹሕ ወርቅ ይይዛል። የዕለቱን የአንድ ግራም ንጹሕ ወርቅ ዋጋ በዚህ ቁጥር አባዝተው ውጤቱን ከተጠየቁት ዋጋ ይቀንሱ፤ የሚተርፈው ጭማሪው ነው። ግራሙ 100 ቢሆን የሶቨሪኑ ወርቅ 732 ያወጣል፤ 800 ከተጠየቁ ጭማሪው 68፣ ማለትም ከመቶ 9 ያህል ይሆናል። የዓለም ገበያ ዋጋ የሚነገረው በትሮይ አውንስ መሆኑንም አይርሱ። ትሮይ አውንስ 31.1035 ግራም ሲሆን ተራው አውንስ ግን 28.35 ግራም ብቻ ነው፤ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ስሌቱ ከመነሻው ይበላሽበታል።

ጥያቄ፦ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ሳንቲም እንዴት ከወርቁ ዋጋ በጥቂቱ ብቻ ይበልጣል?

መልስ፦ ዕድሜ ብቻውን አንድን ዕቃ ብርቅ ስለማያደርገው ነው። እነዚህ ሳንቲሞች በዘመናቸው ገንዘብ ስለነበሩ በሚሊዮኖች ታትመዋል፤ ብዙዎቹም ከእጅ ወደ እጅ ሳይዘዋወሩ በባንኮች ካዝና ውስጥ በከረጢት ተቀምጠው ቆይተዋል። የአሜሪካ መንግሥት በ1933 የወርቅ ሳንቲሞች እንዲመለሱ ባዘዘ ጊዜ በአገር ውስጥ የተገኙት በብዛት ቀልጠዋል፤ ቀደም ብለው ወደ አውሮፓ ባንኮች የተሻገሩት ግን ከመቅለጥ ተርፈው ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ሰብሳቢዎች ገበያ ተመልሰዋል። ከዚህም ሌላ በሳንቲሙ ላይ የተጻፈው ዓመት ሁልጊዜ የታተመበት ዓመት አይደለም። 1915 የሚሉት የኦስትሪያ 4 ዱካትና 100 ኮሮና በአብዛኛው ከዚያ በኋላ በድጋሚ የታተሙ ናቸው፤ 1925 የሚሉ ብዙ የለንደን ሶቨሪኖችም የታተሙት ከ1949 እስከ 1952 ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ «ጥንታዊ ነው» ተብለው ጭማሪ ሲጠየቁ ይህን ያስታውሱ።

ጥያቄ፦ ሁለቱም 1917 የሚሉ ሶቨሪኖች አይቼ የአንዱ ዋጋ የሌላውን ብዙ እጥፍ ሆነብኝ። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ የታተሙበት ቦታ ነው። ሶቨሪን ከለንደን ሌላ በሲድኒ፣ በሜልበርን፣ በፐርዝ፣ በኦታዋ፣ በቦምቤይና በፕሪቶሪያ ታትሟል። በዚያ ዘመን ሳንቲሞች ጀርባ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሚጋልበው ፈረስ በታች፣ መሬቱን በሚያሳየው መስመር ላይ፣ የማተሚያውን ቦታ የምታመለክት ትንሽ ፊደል ትገኛለች። ፊደል ያለበት የ1917 ሶቨሪን በጥቅሉ ተራ ነው፤ የለንደኑ ግን ፊደል የለውም፣ እርሱም ብርቅ ነው። ሐሰተኛ ቅጂዎቹ ስለሚበዙ የታወቀ መርማሪ ያላረጋገጠውን የ1917 የለንደን ሶቨሪን እኔ አልገዛም፤ እርስዎም እንዳይገዙ እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ የጥራት ደረጃ ተሰጥቶት በፕላስቲክ የታሸገ ሳንቲም ተጨማሪ ገንዘብ ይገባዋል?

መልስ፦ እንደ ሳንቲሙ ይለያያል። የሳንቲም ጥራት የሚመረምሩት የአሜሪካ ድርጅቶች ፒሲጂኤስ በ1986፣ ኤንጂሲ በ1987 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ በ70 ነጥብ የሚለካው የጥራት ደረጃ የገበያው ቋንቋ ሆኗል፤ 60ና ከዚያ በላይ ያገኘው በገበያ ያልተዘዋወረ ሳንቲም ነው። 20 ዶላሩ ከ33 ግራም በላይ የሚመዝን ከባድ ሳንቲም ስለሆነ በከረጢት ውስጥ እርስ በርሱ እየተጋጨ ተጭሯል፤ በዚህም ምክንያት 61ና 62 ያገኙት ሞልተዋል፣ 65 ያገኙት ያንሳሉ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ በጣም ይቀንሳሉ። የ62ና የ63 ልዩነት ግን ብዙ ጊዜ የመርማሪው ዓይን ፍርድ ነው። እኔ በጀማሪነቴ አንድ የ20 ዶላር ሳንቲም በፕላስቲኩ ላይ ያለውን ቁጥር አምኜ በውድ ገዛሁ፤ ልሸጠው ስወስደው ገዢው ጭረቶቹን አሳይቶኝ የአንድ ደረጃ ዝቅተኛውን ዋጋ ሰጠኝ፤ እኔም ደግሜ ስመለከተው ልክ ነበር። ከዚያ በኋላ ለተራ ዓመት ሳንቲም የደረጃ ጭማሪ የምከፍለው ልዩነቱ ለራሴ ዓይን ሲታየኝ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የጠቆረ ሳንቲም ላጽዳ?

መልስ፦ አያጽዱ። መፈተግና መወልወል ገጽታውን ስለሚለውጥ ሰብሳቢው የሚከፍለው ጭማሪ ይጠፋል፤ የሚቀርልዎ የወርቁ ዋጋ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የወርቅ ዋጋ ሲወጣ ጭማሪውም አብሮ ይወጣል?

መልስ፦ ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ ያስባል፤ ለተራ ሳንቲሞች ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነው የሚሆነው። ሰብሳቢው ለደስታው የመደበው ገንዘብ ውስን ስለሆነ የወርቅ ዋጋ እጥፍ ቢሆን እርሱ የሚጨምረው እጥፍ አይሆንም። በዚህም የተነሣ ዝቅተኛ ደረጃ ያላቸው ሳንቲሞች ወደ ወርቃቸው ዋጋ እየቀረቡ ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹም ወደ ማቅለጫ እስከ መግባት ይደርሳሉ፤ ይህ በእውነት ያሳዝነኛል። በእውነት ብርቅ የሆነው ሳንቲም በዚህ ሕግ አይታሰርም፤ የ1933ቱ 20 ዶላር በ2021 በጨረታ 18.9 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ በውስጡ ያለው ወርቅ አንድ ትሮይ አውንስ እንኳ አይሞላም ነበር። ሰው ሁሉ በድንጋጤ ወርቅ ፈልጎ ሻጭ ሲጠፋ ደግሞ፣ በ2008ና በ2020 እንደታየው፣ የተራዎቹም ጭማሪ ለጊዜው ያብጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ መግዛት ጭማሪውን በውድ መግዛት ነው።

ጥያቄ፦ ወርቁ ትክክለኛ ከሆነ ሐሰተኛ ሊሆን አይችልም አይደል?

መልስ፦ ይችላል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በተለይ በቤይሩት የተሠሩ ብዙ ሐሰተኛ ሶቨሪኖች በቂ ወርቅ ያላቸው ናቸው፤ ሳንቲሙ ከወርቁ በላይ ስለሚሸጥ ሠሪው ወርቁን ሳያጎድል ከጭማሪው ብቻ ያተርፍ ነበር። ስለዚህ ክብደቱን፣ 22.05 ሚሊሜትር የሆነውን ስፋቱንና በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 17.6 ግራም አካባቢ የሆነውን እፍግታ መለካት አስፈላጊ ቢሆንም አይበቃም፤ የፊደሎቹንና የፈረሱን ጥራት ከታመነ ሳንቲም ጋር አጉልተው ያስተያዩ።

ጥያቄ፦ ከሁለት ሻጮች አንዱን ስመርጥ ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ «ይህንኑ ሳንቲም ዛሬ ይዤልዎ ብመጣ በስንት ይገዙኛል?» ብለው ይጠይቁ። በመሸጫውና በመግዣው መካከል ያለው ክፍተት የጭማሪውን እውነተኛ ወጪ ያሳያል፤ ከወርቁ ዋጋ በላይ ከመቶ 9 አስከፍሎ መልሶ ሲገዛ ከመቶ 6 የሚጨምርልዎ ሻጭ፣ ከመቶ 6 አስከፍሎ በወርቁ ዋጋ ብቻ ከሚገዛዎ ሻጭ ይሻላል።