ቀጥሎ ምን ላንብብ? ከደሴ አንባቢዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ ተሰብስበን ስለ መጽሐፍ ስናወራ ጊዜ አጠረን። ልብ ወለድ ያልሆነ መጽሐፍ እንዴት እንደሚመረጥ የጠየቃችሁኝን በወረቀት ተቀብዬ ወደ ቤት ገባሁ። መልሴ ይኸው።

ጋሼ፣ ያነበብኩት ልብ ወለድ ብቻ ነው። የታሪክ መጽሐፍ ስይዝ እንቅልፌ ይመጣል። ከየት ልጀምር?

አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ከግለ ታሪክ ጀምሪ። ልብ ወለድ ውስጥ የወደድሽው ሰውን መከተል ነው፤ ግለ ታሪክም ያው ነው። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን የሕይወት ታሪክ ፈልጊ። በልጅነታቸው ዓድዋ ዘምተው፣ ሩሲያ ተሻግረው የመድፈኛነት ትምህርት ተምረው፣ ተመልሰው የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። እንቅልፍ አያስወስዱሽም።

የባሕሩ ዘውዴን የኢትዮጵያ ታሪክ ጨረስኩ። ቀጥሎስ?

አንብበህ ስትጨርስ ያልለቀቀህ ጥያቄ የቱ ነው? ቀጣዩን መጽሐፍ እሱ ይምረጥልህ። ያ መጽሐፍ ከ1847 እስከ 1983 ያለውን 136 ዓመት ስለሚይዝ ብዙ ጉዳይ በአንድ አንቀጽ ያልፋል። እኔ ሳነብ መጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ የገጹን ቁጥርና ጥያቄዬን በእርሳስ እጽፋለሁ። ሲያልቅ አምስት ስድስት ይሆናሉ። ሳምንት ቆይቼ አእምሮዬ ውስጥ የቀረውን ይዤ ነው ገበያ የምወጣው። ሰው ሁሉ ስለሚያወራለት ብቻ የገዛኋቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ እስካሁን መደርደሪያ ላይ ናቸው።

ስለ ከተማችንና ስለ ወሎ ምን ላንብብ?

ይህ ጥያቄ ደስ አሰኝቶኛል። በአይጠየፍ አዳራሽ ደጅ እያለፍን አድገን የንጉሥ ሚካኤልን ነገር በወሬ ብቻ ማወቃችን ያሳዝነኛል። ከ1909 ጀምር። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ከሥልጣን ተሻሩ፤ ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ። የወሎ ዕጣ የተለወጠው በዚያች አንድ ወር ነው።

ግን አንድ መጽሐፍ ብቻ ይዘህ አትፍረድ። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን ስታነብ የሚናገሩት በኢያሱ መሻር አልጋ ወራሽ የሆኑት፣ በኋላም ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ሰው መሆናቸውን አትርሳ። መጽሐፉን አትናቀው፤ ከጎኑ ስለ ኢያሱ የተጻፈ ሌላ አስቀምጥና ስለ አንዲቱ ቀን ሁለቱ የሚሉትን አስተያይ። የሚለያዩበትን ቦታ ስታገኝ ነው ንባቡ የሚጥምህ።

ሌላው 1928 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ ሰፍረው ሳለ፣ ኅዳር ላይ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ፤ ቦምቡ ሆስፒታሉንም አልማረም። ስለ ጦርነቱ ከቅርብ ሆኖ ያየ ሰው ከፈለግህ፣ ከራስ ካሣ ጦር ጋር የነበረው ቼካዊው አዶልፍ ፓርለሳክ የጻፈውን፣ ተጫነ ጆብሬ መኮንን የተረጎሙትን «የሐበሻ ጀብዱ» አንብብ። ትርጉም መሆኑን እስክትረሳ ድረስ አማርኛው ይፈስሳል።

ሻጩ ቆሞ እያየኝ እንዴት ነው የምመርጠው?

አትፈር፣ ግለጠው። መግቢያውን ሁሉም አሳምሮ ይጽፈዋል፤ መሃሉን ክፈትና አንድ ገጽ ሙሉ አንብብ። ጸሐፊው «ይባላል» እያለ ብቻ የሚሄድ ከሆነ መልሰው፤ ማን እንዳለ፣ የት እንዳየ የሚነግርህ ከሆነ ያዘው። ፎቶ ኮፒ ከሆነ ደግሞ የገጽ ቁጥሩን ቁጠር። እኔ አንድ ጊዜ ከ112 ወደ 129 የዘለለ ገዝቼ፣ የጎደለውን ከጓደኛዬ ተውሼ በእጄ ገልብጫለሁ።

ስለ ስኬት የሚያወሩት ትርጉሞችስ?

የዋናው ደራሲ ስም፣ የዋናው መጽሐፍ ርዕስና የተርጓሚው ስም ካልተጻፈበት አልገዛም። ስለ ሀብትና ድህነት ማሰብ ከፈለግሽ ግን የገብረ ሕይወት ባይከዳኝን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ሞክሪ። ሰውየው ገና በወጣትነታቸው ሞተው መጽሐፋቸው በ1916 ታተመ። ቀጭን ነው፤ ግን በቀን ከአራት ገጽ በላይ አትሂጂበት።

ሁለት መጻሕፍት ዓመተ ምሕረቱ አልገጠመልኝም፤ የትኛው ተሳሳተ?

ምናልባት አንዱም። ዓድዋ በእኛ የካቲት 23፣ 1888 ነው፤ በፈረንጆቹ ማርች 1፣ 1896። መጽሐፉ በየትኛው እንደሚቆጥር መጀመሪያ አረጋግጥ።

ጀምሬ ያቃተኝን ልተወው?

ሃምሳ ገጽ ስጠው። ከዚያ ተወው፤ ለሌላ ሰው አውሰው።

ኮምቦልቻ ያሉት አባቴ ማንበብ ይወዱ ነበር፤ አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ምን ልግዛላቸው?

የምታነቢላቸው አንቺ ነሽ ማለት ነው፤ ስለዚህ ለጆሮ የሚመች ይሁን። ጳውሎስ ኞኞ የሰበሰቧቸውን የአጤ ምኒልክ ደብዳቤዎች ፈልጊ። ብዙዎቹ አጫጭር ናቸው፤ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ ሦስት አራቱን ታነቢላቸዋለሽ። ቀስ በይ፤ አባትሽ የሚያውቁት ስም ሲመጣ አስቁመው የራሳቸውን ይጨምሩልሻል። እሱንም ጻፊው።