ሲድ ፍሬዝ በመቀስ አይከፈልም

ሰሞኑን ስለ ክሪፕቶ ዋሌት (የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ) የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የግል ቁልፍን ከፋፍሎ ስለማስቀመጥ ናቸው። የግል ቁልፍ ገንዘቡን ለማውጣት የሚያስችል ምስጢር ነው፤ ሲድ ፍሬዝ ደግሞ ያ ቁልፍ የሚገኝበት የቃላት ዝርዝር ነው።

ጥያቄ፦ 12ቱን የሲድ ቃላት በሦስት ወረቀት ጻፍኩ። እያንዳንዱ ላይ 8 ቃል አለ፤ የትኞቹም ሁለቱ ሲገናኙ ሙሉ ይሆናል። አንዱን ሌባ ቢያገኘውስ?

መልስ፦ ገንዘብዎ አደጋ ላይ ነው። ለሌባው የቀሩት 4 ቃላት ብቻ ናቸው። ቃላቱ ደግሞ ማንም ሊያየው ከሚችል የ2,048 ቃላት ዝርዝር የሚወጡ ናቸው። የመጨረሻው ቃል ውስጥ ያለው ማረጋገጫ የማይሆኑትን ስለሚያስጥልለት፣ የሚቀረው 1.1 ትሪሊዮን ያህል ሙከራ ነው። ይህ ደግሞ ተሞክሮ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ጆን ካንትሬል የተባለ ፕሮግራመር 8 ቃል ይዞ፣ ኮምፒውተር ተከራይቶ፣ ለሽልማት የቀረበውን 1 ቢትኮይን በ30 ሰዓት ገደማ ወስዷል። እባክዎ ዛሬውኑ አዲስ ዋሌት ከፍተው ገንዘቡን ያዛውሩ።

ጥያቄ፦ ታዲያ በምን መንገድ ልክፈለው?

መልስ፦ የክሪፕቶግራፊ (የምስጢር አጠባበቅ) ሊቁ አዲ ሻሚር እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረበው ዘዴ። ወረቀት ላይ አንድ ነጥብ ያድርጉ። በእሱ የሚያልፉ ቀጥታ መስመሮች ስፍር ቁጥር የላቸውም። ሁለተኛ ነጥብ ሲጨምሩ ግን መስመሩ አንድ ብቻ ይሆናል። ምስጢሩ ያለው መስመሩ ላይ ነው፤ ለሦስት ሰው የሚታደለው አንዳንድ ነጥብ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ያገኙታል፣ ብቻውን ያለው ግን ምንም ፍንጭ የለውም። እንደ ትሬዘር ያሉ ሃርድዌር ዋሌቶች (ቁልፉን የሚይዙ ትንንሽ መሣሪያዎች) ይህንን ይሠሩልዎታል፤ እያንዳንዱ ድርሻ በተለምዶ 20 ቃል ነው። ገንዘብ ከማስገባትዎ በፊት ግን ዋሌቱን ከመሣሪያው ላይ ሰርዘው ከድርሻዎቹ መልሰው ያስነሱት።

ጥያቄ፦ ከሁለት ወንድሞቼ ጋር የጋራ ቢትኮይን አለን። ሻሚር ወይስ መልቲሲግ (ከአንድ ሰው በላይ ፊርማ የሚጠይቅ ዋሌት)?

መልስ፦ ለእናንተ መልቲሲግ። በሻሚር ገንዘብ ለማውጣት ድርሻዎቹ አንድ መሣሪያ ላይ መገናኘት አለባቸው። በዚያች ሰዓት መሣሪያውን የያዘው ሰው ሙሉውን ቁልፍ ያዘ ማለት ነው። በመልቲሲግ ግን እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ ቁልፍ ትፈርማላችሁ። ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፦ ከሦስት ሁለት ፊርማ የሚጠይቅ ዋሌት ሆኖ አንዱ ቁልፍ ቢጠፋ፣ የሁለቱ ቃላት ብቻ አይበቁም። የሦስተኛው የሕዝብ ቁልፍም (ከግል ቁልፉ የሚወጣ፣ ብቻውን ገንዘብ የማያስወጣ ቁልፍ) ያስፈልጋል። ስለዚህ ሦስቱንም የሕዝብ ቁልፎች የያዘውን የዋሌቱን ማዋቀሪያ ፋይል ሦስታችሁም ያዙ።

ጥያቄ፦ ድርሻዎቹን ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ላይ ለራሴ ብልክስ?

መልስ፦ በፍጹም። አካውንቱን የሰበረ ሁሉንም አገኘ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ውጭ አገር ነው። አንድ ነገር ብሆን እናቴ እንዴት ታገኘዋለች?

መልስ፦ አንድ ድርሻ እርስዎ ዘንድ፣ አንዱ ለእናትዎ፣ አንዱ ከእሳቸው ጋር ለማይኖር ለሚያምኑት ዘመድ። ከዚያ በአማርኛ ደብዳቤ ይጻፉላቸው፦ ሌላው ድርሻ ማን ጋር እንዳለ፣ ስንቱ እንደሚበቃ፣ የትኛው መሣሪያ እንደሚያስፈልግ። ቃላቱን ራሳቸውን ግን ደብዳቤው ላይ አያስፍሩ። ለእረፍት አገር ቤት ሲገቡ ከእሳቸውና ከዘመድዎ ጋር ቁጭ ብለው፣ ጥቂት ገንዘብ ባለበት የመለማመጃ ዋሌት አንድ ጊዜ ይሞክሩት። ስልክ ደውሎ ቃላቱን የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ መሆኑንም ያኔውኑ ይንገሯቸው።