የባንክ ሕግ ከየት ይጀምራል? በሰሜን ሸዋ ለሚሠሩ ወጣት ጠበቆች

ባለፈው ክረምት አንድ በቅርቡ የጥብቅና ፈቃድ ያወጣ ልጅ ደብረ ብርሃን ቢሮዬ ድረስ መጥቶ «ጋሼ፣ የባንክ ሕግ ለማወቅ የትኛውን መጽሐፍ ላንብብ?» ብሎ ጠየቀኝ። አንድ መጽሐፍ እንደሌለ ስነግረው ቅር ሳይለው አልቀረም። ያን ዕለት በጥድፊያ የመለስኩለትን አሁን ረጋ ብዬ ለሁላችሁም እጽፋለሁ።

የባንክ ጉዳይ ወደ ቢሮአችሁ ሲመጣ አራት ጽሑፎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይኖርባችኋል፦ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ዐዋጆቹን፣ ብሔራዊ ባንክ የሚያወጣቸውን መመሪያዎች እና ደንበኛችሁ የፈረመበትን የብድር ውል። ጀማሪ ጠበቃ የመጀመሪያውን ከትምህርት ቤት ይዞት ይመጣል፣ የመጨረሻውን ደንበኛው ያመጣለታል፣ በመካከል ያሉትን ሁለቱን ግን ይዘላቸዋል። እኔም ዘልያቸው ነበር።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከመንዝ በግና ሱፍ እያመጡ የሚነግዱ አንድ አዛውንት ከጋቢያቸው እጥፋት ውስጥ አንድ ፖስታ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩልኝ። በውስጡ ባንኩ መኖሪያ ቤታቸውን በሐራጅ ሊሸጥ መሆኑን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ነበር። «ልጄ፣ ያለ ፍርድ ቤት ቤቴን ይሸጡታል?» አሉኝ። አይችሉም አልኳቸው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3060 ገንዘብ ጠያቂው ሕጉ ያዘዘውን ሥርዓት ሳይከተል በመያዣ የያዘውን የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲወስድ ወይም እንዲሸጥ የሚፈቅድ ስምምነት ፈራሽ ነው ይላልና። ያንን ቁጥር ይዤ ያማረ የእግድ አቤቱታ ጻፍኩ፤ ዛሬም ሳነበው አጻጻፉ አያሳፍረኝም። በቀጠሮው ቀን የባንኩ ጠበቃ ብዙም ሳይናገር አንድ ነጋሪት ጋዜጣ አውጥቶ ለችሎቱ አቀረበ፦ በባንክ በመያዣ ስለተያዘ ንብረት የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 97/1990። እግዱ ተከለከለ፣ ቤቱም ተሸጠ።

ዐዋጁ የፍትሐ ብሔር ሕጉን መከልከያ ለባንኮች ያነሳ ነው። ባንኩና ተበዳሪው በውላቸው ከተስማሙ፣ ዕዳው በጊዜው ሳይከፈል ሲቀር ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ራሱ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ይሁን እንጂ ሥልጣኑ ልጓም አለው፤ ሐራጁ የሚመራው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 394 እስከ 449 ባሉት ድንጋጌዎች ሲሆን፣ ባንኩ ሕጉን ባለመከተሉ በተበዳሪው ላይ ጉዳት ቢደርስ ኃላፊ ይሆናል። በሌላ አነጋገር የጠበቃው ሥራ ሽያጩን በጠቅላላው መቃወም ሳይሆን ማስጠንቀቂያውን፣ ግምቱን፣ ማስታወቂያውንና የሐራጁን አካሄድ አንድ በአንድ መመርመር ነው።

ከወራት በኋላ መዝገቡን ልዘጋ ስል ያንን ፖስታ አገላብጬ አየሁት። በጀርባው ላይ አዛውንቱ ተቀብለው የፈረሙበት ቀን በሰማያዊ ቢክ ተጽፎ ነበር። ከዚያ ቀን እስከ ሐራጁ ያለውን በጣቴ ቆጠርኩ፤ 30 አልሞላም። ይህ ብቻውን ያሸንፍ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ሆኖም የካሳ ክስ ለማንሳት የሚበቃ ነገር ነበር፣ እኔም ፖስታውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእጄ ይዤው ነበር። እንዳልቆጠርኩት ለአዛውንቱ የነገርኳቸው ዘግይቼ ነው፤ የነገርኳቸውም ቀለል አድርጌ ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ የያዘ ሰው ሲመጣላችሁ ደብዳቤውን ከማንበባችሁ በፊት ፖስታውን ጠይቁት።

ወደ መመሪያዎቹ ልለፍ፤ ባንኩ ለምን እንደሚቸኩል የምትረዱት ከእነርሱ ነው። ደንበኞች የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ጨክኖባቸው ይመስላቸዋል። በብሔራዊ ባንክ የብድር አመዳደብ መመሪያ መሠረት ግን ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር ከተበላሸ ብድር ይቆጠራል፤ ከዚያ ወዲያ ወለዱን እንደ ገቢ መያዝ ይቀራል፣ ምደባው «ከመደበኛ በታች» ከሚባለው ደረጃ ወደ አጠራጣሪና ወደ ኪሳራ በወረደ ቁጥርም ባንኩ ላልተመለሰ ብድር ከገቢው ቀንሶ የሚይዘው መጠባበቂያ ከፍ ይላል፤ በመጨረሻው ደረጃ መቶ በመቶ ይደርሳል። ዋናው መሥሪያ ቤት ቅርንጫፉን የሚወተውተው ስለዚህ ነው። ይህን ያወቀ ጠበቃ ደንበኛውን ከ90 ቀኑ በፊት ይዞ ሄዶ ባንከኞች «ሪስኬጁል» የሚሉትን የአከፋፈል ማስተካከያ ይጠይቃል። እውነቱን ለመናገር፣ በሙያ ዘመኔ ከችሎት ይልቅ በዚህ መንገድ ያተረፍኳቸው ቤቶች ይበዛሉ።

መመሪያዎቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጡ፣ ከባልደረባችሁ የተዋሳችሁት ቅጂ የተሻረ ሊሆን ይችላልና ሁልጊዜ ቀኑን እዩ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በዐዋጅ 97/1990 ላይ የሰጣቸውን አስገዳጅ ትርጉሞችም ዐዋጁን ከማንበብ አትለዩአቸው። መያዣው የሚንቀሳቀስ ንብረት ከሆነ ደግሞ መነሻችሁ ዐዋጅ ቁጥር 1147/2011 ነው፤ ለማይንቀሳቀስ ንብረት ግን የመያዣው ምዝገባ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3058 መሠረት ለ10 ዓመት ብቻ እንደሚጸና አትርሱ። ለባንክ የምትሠሩም ብትሆኑ ይህ ቁጥር ሊያሳፍራችሁ ይችላል።

በዚህ ዓመት ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ውጭ ባንኮች ነው። የባንክ ሥራ ዐዋጅ ቁጥር 1360/2017 ደርግ ባንኮችን ከወረሰበት ከ1967 ጀምሮ ለውጭ ባለሀብት ተዘግቶ የቆየውን በር የከፈተ ሲሆን፣ በአገር ውስጥ ባንክ ውስጥ የውጭ ሰዎች ድርሻ በድምሩ ከ49 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቧል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ባለሀብት የያዛችሁ ይህን በደንብ አንብቡት። ለሌሎቻችን፣ ደጃችንን የሚያንኳኳው አሁንም ፖስታ የያዘ ተበዳሪ ነው። የቀድሞውን የባንክ ሥራ ዐዋጅ ቁጥር 592/2000 የያዘውን ነጋሪት ጋዜጣ እኔ ከመደርደሪያዬ አላወረድኩትም፤ በእርሱ ዘመን የተፈጸመ ድርጊት ላይ የሚነሳ ክርክር ገና አላለቀምና።