ጨረቃ በሞላች ቁጥር ሌሊት የሚወጣው ልጅ

ጥያቄ፦ ልጄ የሚኖረው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ነው። በእነሱ በጋ ጨረቃ ስትሞላ ሌሊት ባሕር ዳር ወርዶ ዓሣ ያጠምዳል። የሚወጣበት ሰዓት ግን አንድ አይደለም፤ ሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ፣ ማክሰኞ ወደ 5 ይጠጋል፣ ረቡዕ ደግሞ 6 ሊሆን ሲል ነው። ያጠመደውንም መልሶ እንደሚለቅ ይነግረኛል። ለዓሣ ነው ብዬ ልመን? ጎረቤቶቼ «ጨረቃ መትታው ነው» ይላሉ።
እናት ነኝ፣ ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ይመኑት እህቴ። ሰዓቱን በዚህ ልክ አስልቶ የሚዋሽ ልጅ አላየሁም። ድሬዳዋ ከመክተሜ በፊት አሰብ ወደብ ላይ ስለሠራሁ ነገሩን አውቀዋለሁ፦ የባሕር ውሃ በአብዛኛው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሙላቱ በየዕለቱ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። የጻፉልኝን ሰዓቶች በዚህ ያስሏቸው፤ ይገጥማሉ።

ጨረቃዋስ? ብዙ ሰው ብርሃኗ የሚጠቅም ይመስለዋል። ሥራውን የሚሠራው ስበቷ ነው። ስትሞላ ፀሐይ፣ ምድርና ጨረቃ በአንድ መስመር ስለሚውሉ ውሃው ከወትሮው ከፍ ብሎ ይሞላል፣ ዝቅ ብሎም ይጎድላል። ይህን ሁሉ ውሃ በዚያችው ስድስት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ማመላለስ ስላለበት ፍሰቱ ይበረታል፤ ትናንሾቹን ዓሦች እየጠረገ ይወስዳቸዋል። ልጅዎ የሚያሳድደው ስትራይፕድ ባስ፣ ጎኑ ላይ ከሰባት እስከ ስምንት ጥቁር መስመር የተሰመረበት ብርማ ዓሣ፣ ከአሸዋው ጉብታ ጀርባ ወይም ከድንጋዩ ጥግ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። የጅቡቲው ባቡር ሲገባ ጣቢያው በር ላይ ተኮልኩለው ይጠብቁ የነበሩትን ነጋዴዎቻችንን ያስቧቸው።

ብርሃኑ እንዲያውም ዓሣውን ጠርጣራ ያደርገዋል፤ ጨለማ ውስጥ ማደን የሚወድ ፍጥረት ነው። በጨረቃ ሌሊት ብዙዎቹ አጥማጆች ጥቁር ቀለም ያለው ሰው ሠራሽ ማጥመጃ የሚወረውሩት፣ ከታች ወደ ላይ ሲታይ ጥላው ጎልቶ እንዲወጣ ነው። እኔን ቢጠይቀኝ ጨረቃ በጠፋችበት ሌሊት ውጣ እለዋለሁ። ያኔም ሦስቱ በአንድ መስመር ስለሆኑ ውሃው እንደዚያው ይገፋል፤ ጨለማው ምርቃት ነው።

የሚለቀው ሕግ ስለሚያዘው ነው። ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመዝናኛ የሚያጠምድ ሰው በቀን አንድ ዓሣ ብቻ ይይዛል፤ እሱም ርዝመቱ ከ71 ሳንቲ ሜትር ማነስ፣ 79 መድረስ የለበትም። ትልቁን መልቀቅ ለእኛ ሰው እብደት ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ እንቁላል የምትጥለው ትልቋ እንስት ናት፣ የዓሣውም ቁጥር ተመናምኗል።

ከሰዓቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች ከእግር እስከ ደረት የሚደርስ ውሃ የማያስገባ ልብስ ለብሰው ማዕበሉ መሐል ይቆማሉ። ቀበቶው በደንብ ካልጠበቀ፣ የወደቀ ሰው ልብሱ በውሃ ይሞላበታል። በዚያ ላይ ውሃው ሲጎድል በእግሩ የተሻገረው የአሸዋ ጉብታ፣ ሙላቱ ሲመለስ ዙሪያውን ይከበባል፤ ጨረቃ በሞላችበት ሰሞን ደግሞ ከሌላው ጊዜ ይብሳል። ሲደውልልዎ ከማን ጋር እንደሚወርድ፣ ቀበቶውን ማሰሩንና ጉብታውን ለቅቆ የሚወጣበትን ሰዓት ይጠይቁት። የመጨረሻውን ጥያቄ ሳያመነታ መመለስ አለበት።